አስፋልቱ መጣ፣ ገበያው ሄደ

ጥያቄ፦ «ምሥራቅ ጎጃም፣ ሞጣ ውስጥ የልብስ፣ የጫማና የቤት ዕቃ ሱቅ አለኝ። አስፋልቱ ሲሠራ ከተማችሁ ታድጋለች፣ ባለሀብት ይመጣል ተብለን ነበር። አሁን ጠዋት ወጥቶ ባሕር ዳር ገዝቶ ማታ ቤቱ የሚገባው በዛ። የድሮ ደንበኞቼ ሳይቀሩ የሠርግ ልብስ ከዚያ ነው የሚያመጡት። ልጆቻችንም ተምረው አይመለሱም። በጀቱ ሁሉ ባሕር ዳር ላይ ይፈሳል፣ እኛ የመንገደኛ ማሳለፊያ ሆነን ቀረን። ገንዘቡ ለየወረዳው እኩል ቢከፋፈል አይሻልም? ቢያንስ አንድ ፋብሪካስ ቢሠራልን? እኔስ ሱቄን ነቅዬ ባሕር ዳር ልግባ?»

ምላሽ፦

ሦስት ጥያቄ ነው የጠየቁት፤ መልሱን ላስቀድም። እኩል ማከፋፈሉ አይጠቅማችሁም። ፋብሪካው ብቻውን አያድናችሁም። ሱቁን አይንቀሉ፤ የሚሸጡትን ዕቃ ግን ይለውጡ። ምክንያቱ ረዘም ይላል።

ከአስፋልቱ ልጀምር። ብዙ ሰው አስፋልትን ዕድገት ጭኖ እንደሚመጣ መኪና ያየዋል። አስፋልት የሚሠራው አንድ ሥራ ብቻ ነው፦ ርቀትን ያሳጥራል። ርቀት ደግሞ ለእርስዎ አጥር ሆኖ ሲያገለግልዎት ኖሯል። ከሞጣ ባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያ መንገድ ጠጠርና ጭቃ በነበረ ጊዜ ለአንድ ጫማ ብሎ ቀኑን የሚያቃጥል ሰው አልነበረም። እርስዎ በጅምላ አምጥተው፣ ትርፍዎን ጨምረው ሲሸጡ ደንበኛው የሚከፍለው ለጫማው ብቻ አልነበረም። ላልሄደበት መንገድም ይከፍልዎት ነበር። አስፋልቱ ያንን አጥር አፈረሰው። ስለዚህ መንገዱ የከዳችሁ አይምሰልዎት። የተሠራበትን ሥራ ነው የሠራው።

መንገድ ሁለት አፍ አለው። በአንዱ ያስገባል፣ በሌላው ያስወጣል። የስዊድኑ የኢኮኖሚ ሊቅ ጉናር ሚርዳል በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ይህንኑ ሲያስረዳ ከአንድ ትልቅ ከተማ ሁለት ኃይል ይወጣል ብሎ ነበር። አንዱ ከዳር ያለውን ገንዘብ፣ የተማረ ሰውና ገበያ ወደ መሀል ይስባል። ሌላው ደግሞ ከመሀል ወደ ዳር ይረጫል። ከተማው እህል ይገዛል፣ ሥራ ይሰጣል፣ ሙያ ያስተምራል፣ ለቤተሰብ የሚላክ ገንዘብ ይወጣበታል። የትኛው እንደሚበልጥ አስቀድሞ የተጻፈ ነገር የለም። የሚወስነው መንገዱ ሲደርስ ትንሿ ከተማ ምን ይዛ ጠበቀችው የሚለው ነው።

ይህ ወሬ ብቻ አይደለም። ቻይና ትላልቅ ከተሞቿን በፈጣን አውራ ጎዳና ስታገናኝ፣ በመካከል ያሉ ብዙ አነስተኛ አውራጃዎችም መንገዱ አለፈባቸው። በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት መንገዱ ያገኛቸውን ካላገኛቸው ጋር አነጻጸረ። መንገድ ያገኙት ትንንሽ አውራጃዎች የኢንዱስትሪ ዕድገታቸው ካላገኙት ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ፋብሪካው ወደ ትልቁ ከተማ ሄዶ፣ ምርቱን በዚያው አዲስ መንገድ መልሶ ይልክላቸው ጀመር። የሠርግ ልብሱ ታሪክ በትልቁ ማለት ነው።

ግን ታሪኩ ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ያለው እዚሁ ጎጃም ውስጥ፣ እናርጅ እናውጋ ወረዳን አለፍ ብሎ እነማይ ወረዳ ላይ ነው። በደጀንና በቢቸና መካከል የትመን የምትባል መንደር አለች። በ1994 እ.ኤ.አ. የጀመረ፣ በ15 የኢትዮጵያ መንደሮች ያሉ ቤተሰቦችን ለዓመታት የተከታተለ አንድ ትልቅ የገጠር ጥናት ነበር፤ የትመን አንዷ ናት። ስቴፋን ዴርኮን፣ ታሰው ወልደሃናና ባልደረቦቻቸው መረጃውን ሲመረምሩ ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ ያገኙት ቤተሰቦች ላይ ድህነት በ6.9 የመቶኛ ነጥብ ቀነሰ፤ የፍጆታ ዕድገታቸውም በ16.3 ነጥብ ጨመረ።

ልብ ይበሉ። ጥናቱ የሚያወራው ስለ አስፋልት አይደለም። ክረምት ስለማይቆርጠው መንገድ ነው። ተጠቃሚውም ባለሱቁ አይደለም፣ ገበሬው ነው። እርስዎ ከመደርደሪያው ጀርባ ሆነው ሲያዩት ከተማው ቀዝቅዟል። ጤፉን በጆንያ ሞልቶ የሚመጣው ገበሬ ግን ሦስት ገዢ ስልክ ደውሎ ዋጋ ያማርጣል። ቀድሞ አንድ ነጋዴ የቆረጠለትን ይዞ ነበር የሚመለሰው። አንድ መንገድ ለሁለታችሁ ሁለት ነገር ሠራ። «ሞጣ ተጎዳች» ከማለት በፊት የትኛዋ ሞጣ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ባሕር ዳር እንምጣ። ቅሬታው ይገባኛል። ሆኖም «በጀቱ ሁሉ እዚያ ስለፈሰሰ ነው ያደገችው» የሚለው ሙሉ እውነት አይደለም። ደብረ ማርቆስን ያስቧት። መንቆረር ተብላ በነበረችበት ዘመን የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መናገሻ ናት። ከዚያም እስከ ቅርብ ጊዜ የጎጃም ጠቅላይ ግዛትና ክፍለ ሀገር መቀመጫ ነበረች። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ዋና መንገድም በእሷ ነው የሚያልፈው፤ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ትርቃለች። ባሕር ዳር ያን ጊዜ የሐይቅ ዳር ትንሽ የገበያ ቦታ ነበረች። መንገድና የአስተዳደር ወንበር ብቻ ከተማ የሚያሳድጉ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ቅሬታዎ ስለ ደብረ ማርቆስ ይሆን ነበር።

ምን ተፈጠረ? በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ፣ በአራት ዓመት ውስጥ፣ ሦስት ነገር አንድ ቦታ ላይ ወደቀ። በ1961 የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው። በ1963 በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተሠራው ፖሊቴክኒክ። በ1964 የጢስ ዓባይ የኃይል ማመንጫ። ፋብሪካው መብራት አገኘ፣ ፖሊቴክኒኩ ባለሙያ አወጣ፣ ባለሙያው ደሞዙን እዚያው በላ፣ ደሞዙን ፍለጋ ሻይ ቤቱም ልብስ ሰፊውም መጣ። አንዱ ሌላውን ጠራው። ከ1984 ዓ.ም. በኋላ የክልል ርዕሰ ከተማነቱ ሲጨመር ደግሞ ነገሩ ሮጠ። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ደብረ ማርቆስ 62 ሺህ ሰው ሲኖራት ባሕር ዳር ከተማ ከ150 ሺህ አልፋ ነበር።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ገንዘብ ብዙ ፈሰሰ የሚል አይደለም። መብራት፣ ሙያና ገበያ በአንድ ጊዜ በአንድ ቦታ ተገናኙ የሚል ነው። ሦስቱን ለሦስት ከተማ ብትከፋፍሏቸው ኖሮ ሦስት ደካማ ከተማ ነበር የሚኖረን።

ሰውና ሥራ አንድ ከተማ ላይ መሰብሰቡ ለምን ኃይል እንደሚሆን ለማየት ጋራዥ መሄድ ይበቃል። አንድ ጊዜ ሞጣ መስመር ላይ የተሳፈርኩበት አይሱዙ ፓምፑ ተበላሸ። መካኒኩ ጎበዝ ነበር። አሥር ደቂቃ አዳመጠና ችግሩን ነገረን። ግን ዕቃው የለም። ስልክ ተደወለ፣ ዕቃው ከባሕር ዳር በሚኒባስ ተላከ፣ በማግስቱ ደረሰ፣ የመጣውም ሌላ ሞዴል ሆነ። ሦስተኛው ቀን ላይ ተነሳን። ባሕር ዳር ቢሆን መካኒኩ ቁልፉን ጣል አድርጎ መንገዱን ተሻግሮ ያመጣው ነበር። የሞጣው መካኒክ በሙያ አያንስም። የሚያንሰው ጎረቤቱ ነው። እሱም ይህን ስለሚያውቅ ገንዘብ ሲይዝ ባሕር ዳር ይገባል፤ እሱ ሲሄድ ደግሞ ለሚቀረው ሰው ሞጣ ይበልጥ ታንሳለች። ልጆቻችሁ ተምረው የማይመለሱትም በዚሁ ምክንያት ነው። የሀገር ፍቅር ጎድሏቸው አይደለም። ኢንጂነር አንድ መሥሪያ ቤት ብቻ ባለበት ከተማ ከአለቃው ቢጣላ የሚሄድበት የለውም።

ታዲያ ባሕር ዳርን ማቀዝቀዝ ይሻላል? አይሻልም። የሚፎካከራችሁን ተሳስታችሁ ለይታችኋል። በ1999ኙ ቆጠራ አዲስ አበባ 2.7 ሚሊዮን ሰው ነበራት። ሁለተኛዋ ድሬዳዋ 233 ሺህ። አንዷ ከተማ ሁለተኛዋን ከ11 ጊዜ በላይ የምትበልጥበት አገር ነው ያለን። ባሕር ዳር ብትዳከም የእሷ ገበያ ወደ ሞጣ አይመጣም። ዓባይ በረሃን ተሻግሮ ይሄዳል። ጎጃም ውስጥ ገንዘብና የተማረ ሰው አስሮ የሚያቆይ አንድ ጠንካራ ከተማ መኖሩ ለሞጣም ይጠቅማል፤ ልጅዎ ባሕር ዳር፣ በ120 ኪሎ ሜትር ላይ ቢቀመጥ ነው የሚሻለው ወይስ አዲስ አበባ፣ በ370? ባሕር ዳር የራሷ ሕመም እንዳለባትም አይርሱ። የቦታ ዋጋ፣ የቤት ኪራይ፣ ጣና ላይ የተኛው እምቦጭ፣ በ2016 ዓ.ም. 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይ እስኪከፈት ድረስ በአሮጌው ድልድይ ላይ የነበረው መጨናነቅ። ይህ ሕመም ለእናንተ ዕድል ነው። ቦታና ጉልበት የሚፈልግ ሥራ ከትልቅ ከተማ መውጣት የሚጀምረው ኪራይ ሲያንገሸግሸው ነው። ሲወጣ ግን የሚያርፍበት ይፈልጋል። መብራት በቀን ሦስት ጊዜ የሚጠፋበት ቦታ አያርፍም።

ስለ እኩል ክፍፍሉ። ፍትሐዊ ይመስላል። ለጤና ኬላ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለንጹሕ ውኃ ትክክል ነው፤ ሰው የትም ይወለድ የሚገባው ነገር ስለሆነ በሰው ቁጥር ይካፈል። ለሥራ መፍጠሪያ የሚሆን ገንዘብ ግን እንደ ጠበል ጠዲቅ ለሁሉም እፍኝ እፍኝ ቢሰጥ ማንንም አያጠግብም። የሚያውቁት ነው፦ በየወረዳው መሠረቱ ወጥቶ የቆመ መጋዘን፣ ጣሪያ የሌለው የገበያ ማዕከል፣ ትራንስፎርመር የሚጠብቅ ሼድ። እያንዳንዱ ወረዳ ድርሻውን አግኝቷል። እያንዳንዱም አልጨረሰም። በ1999ኙ ቆጠራ በምሥራቅ ጎጃም ከአሥር ሰው አንዱ ነበር ከተማ የሚኖረው፤ በምዕራብ ጎጃም ደግሞ ከዚያም ያነሰ። እንዲህ ያለ አገር ላይ ሁሉንም የወረዳ ከተማ በአንዴ ማሳደግ አይቻልም። አምስት ስድስቱን መርጦ መጨረስ ይቻላል። ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ እንጅባራ፣ ዳንግላ፣ ሞጣ። የእርስዎ ከተማ ከዝርዝሩ ውስጥ ስላለች ደስ ይበልዎት። ከዝርዝሩ የቀሩት የጎንቻና የቢቡኝ ወረዳ አንባቢ ደግሞ ይቆጣኛል፣ አውቃለሁ።

ወደ ፋብሪካው። እዚህ ላይ ጠንቀቅ እንበል። ጣሊያን ከ1950 እስከ 1984 እ.ኤ.አ. ድሃ የነበረውን ደቡቧን ለማሳደግ አንድ ትልቅ ፈንድ አቋቁማ መንገድ፣ ውኃና ግዙፍ ፋብሪካዎች ሠራች። መንገዱና ውኃው ጠቀመ። ከፋብሪካዎቹ ብዙዎቹ ግን ከአካባቢው ገበሬና ከአካባቢው ወርክሾፕ ጋር ሳይገናኙ ቀሩ። ጥሬ ዕቃው ከሩቅ ይመጣል፣ ምርቱ ሩቅ ይሄዳል። ጣሊያኖች ራሳቸው «በበረሃ ላይ የቆሙ ካቴድራሎች» ብለው ቀለዱባቸው።

እኛም ጋ የሚያስተምር ነገር አለ። በ2013 ዓ.ም. ቡሬና ደብረ ማርቆስ ላይ ሁለት ትላልቅ የዘይት ፋብሪካዎች ተመረቁ። የቡሬው የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርክም በዚያው ዓመት ነው የተመረቀው። ሐሳቡን አልነቅፍም። ቡሬ የመንገድ መገናኛ ናት፣ ዙሪያዋ በቆሎና ስንዴ ነው። ግን ዘይት ፋብሪካ ቅባት እህል ይፈልጋል። ቅባት እህሉ በአቅራቢያ በበቂ ካልተመረተ ከውጭ በዶላር ይመጣል፤ ዶላር ከጠፋ ማሽኑ ይቆማል። የጥሬ ዕቃና የውጭ ምንዛሪ እጥረት እነዚህን መሰል ፋብሪካዎች እንዳስቸገረ በየጊዜው ሲነገር ሰምተናል። ፋብሪካ ከፊት ቆሞ ገበሬውን አይጎትትም። ምርቱ፣ መጋዘኑ፣ መንገዱና መብራቱ ቀድመው ሲገኙ ፋብሪካው ራሱ አሽትቶ ይመጣል።

አንድ ምሳሌ ልስጥዎ፤ የምወደው ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። አዊ ውስጥ፣ ከዳንግላ ወደ እንጅባራ ሲሄዱ፣ ፋግታ ለኮማ ወረዳ አለ፤ ከተማው አዲስ ቅዳም ነው። መሬቱ አሲዳማ ሆኖ ምርት እምቢ ብሎ ነበር። ገበሬው ዲከረንስ የሚሉትን የግራር ዘር ከጤፍ ጋር አብሮ መትከል ጀመረ። የመጀመሪያውን ዓመት ጤፉን ያጭዳል። ዛፉ በአራት በአምስት ዓመት ይደርሳል። ይቆርጠዋል፣ ከሰል ያከስለዋል፣ መሬቱም አርፎና ለስልሶ ስለሚቆይ መልሶ ጤፍ ይዘራል። ማንም ሚኒስትር ሪባን አልቆረጠም። በመንገዱ ዳር የሚያዩት ረድፍ ሙሉ የከሰል ጆንያ፣ አፉ በቅጠል ተጠቅጥቆ በገመድ የታሰረው፣ ወደ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ የሚጫን ነው። ችግኝ አፍልቶ የሚሸጥ መጣ። አክሳይ መጣ። ጫኝና አውራጅ መጣ። ወጣቱ ቤቱ አጠገብ ሥራ አገኘ።

ለምን እዚያ ሆነ? ከሰል ከባድና ርካሽ ዕቃ ነው። ዋና መንገድ አጠገቡ ባይኖር የአህያ ኪራዩ ትርፉን ይበላው ነበር። ትልቅ ከተማ ባይኖር ደግሞ የሚገዛ የለም። ከተማው መሰብሰቡና መንገዱ መሠራቱ ተደምረው ዳር ላለው ገበሬ ጠቀሙ። ይኸው ሚርዳል ያለው ርጭት። ከዚያ ወዲህ ዛፉን በሽታ ገብቶበት ብዙ ማሳ አበላሽቷል፤ ሁሉም አንድ ዘር ከተከለ አንድ በሽታ ይበቃዋል። ስለዚህ ሞጣ ላይ ሄዳችሁ ዲከረንስ ትከሉ ማለቴ አይደለም። ምን ብትሸጡ መንገዱ እንደሚጠቅማችሁ ፈልጉ ማለቴ ነው።

ሞጣ የምትሸጠው አላት። ጤፍ አላት፣ ስንዴ አላት፣ ከጮቄ ወገን የሚወርድ ገብስና ድንች አለ። ችግሩ ከአስፋልቱ በፊት ያለው መንገድ ነው። እንዲህ ያስሉት። ከአስፋልቱ 15 ኪሎ ሜትር ገባ ብሎ ያለ ገበሬ አንድ ኩንታል ጤፍ ለማምጣት ሁለት አህያ ይጭናል። አንድ ሰው አብሮ ይሄዳል። ቀኑ ያልቃል። ክረምት ወንዙ ከሞላ ጨርሶ አይመጣም። ያቺ ኩንታል አይሱዙ ላይ ከወጣች በኋላ ባሕር ዳር ድረስ 120 ኪሎ ሜትሩን የምትሄደው በጥቂት ሰዓት ነው። ትልቁ ወጪ ያለው በረጅሙ መንገድ ላይ አይደለም፤ በአጭሩ ላይ ነው። አስፋልት አድርገን ያስመረቅነው የመንገዱን ረጅም ክፍል ነው። ውድ የሆነው ክፍል እንዳለ ነው።

ሁለተኛው መብራት ነው። እዚህ ላይም የተለመደ ስሕተት አለ። ሰው «ኃይል የሚመነጨው ከእኛ ወንዝ ነው፣ እኛ ግን ጨለማ ነን» ይላል። ጣና በለስ 460 ሜጋ ዋት ነው። የሕዳሴ ግድብ 5,150። ሁለቱም ውኃቸው የዓባይ፣ የጣና ነው። ግን ማመንጨት አንድ ነገር ነው፣ ማከፋፈል ሌላ። ያ ትልቅ የብረት ምሰሶ በእርሻው መሀል አልፎ የሚሄደው ሰፈሩን ሊያበራ አይደለም፤ ከእሱ ላይ ሽቦ ቀንጥቦ ቤት ማስገባት አይቻልም። ማከፋፈያ ጣቢያ፣ መካከለኛ መስመር፣ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። የወፍጮ ቤት ባለቤት ይጠይቁ። አምፖል ይበራለታል፤ ሞተሩ ከሚፈልጋቸው ሦስት የኃይል መስመሮች (ሦስት ፌዝ) ግን አንዱ ይጎድልና ሞተሩን ያቃጥልበታል። የሚቀጥለው ትራንስፎርመር እስኪመጣ ወር ይቆያል። እንዲህ ባለበት ዱቄት ፋብሪካ ትከል ብሎ ሰውን መምከር ኃጢአት ነው። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» የምንለው ለወንዙ ነበር፤ አሁን ለኤሌክትሪኩም ሆነ።

ሌላው ውኃ ነው፤ ባጭሩ ልለፈው። መራዊ አጠገብ የቆጋ መስኖ 7,000 ሄክታር ያህል ያለማል። ምርቱ ተገኘ። ግን ሽንኩርት የሁሉም ማሳ አንድ ሳምንት ላይ ሲደርስና የሚያቆየው መጋዘን ከሌለ ደላላው ነው ዋጋ የሚቆርጠው። መሠረተ ልማት ነጠላ ሆኖ ሲመጣ ግማሽ ትርፉን ለሌላ ሰው ይሰጣል።

ምክሬ ይኸው። የከተማችሁ ሰው ድምፅ የሚሰማበት መድረክ ካለ፣ ስታዲየም አትጠይቁ። ኢንዱስትሪ ፓርክ አትጠይቁ። የከተማ ውስጥ ሁለተኛ አስፋልትም ይቆይ። ቅድሚያ ከሞጣ በሃያ ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያሉት ቀበሌዎች ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ የጠጠር መንገድ፣ በተለይ ወንዝ ላይ ትንንሽ ድልድይ ይሠራላቸው። ብዙ ጊዜ መንገዱን የሚቆርጠው አንድ ጅረት ነው። ቀጥሎ ለአምራች የሚሆን አስተማማኝ የመብራት መስመር፣ ለከተማው በሙሉ ባይሆን እንኳ ለአንድ ሰፈር። ከዚያ እዚያው ሰፈር ላይ ዋጋው በሊዝ ውድድር ሰማይ ያልነካ፣ ለወፍጮ፣ ለእንጨትና ብረት ሥራ፣ ለእህል ማበጠሪያ የሚሆን ቦታና መጋዘን። ሦስቱ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ጊዜ። የባሕር ዳር የ1960ዎቹ ታሪክ በሞጣ ልክ ተሰፍቶ ማለት ነው። ይህ ከአንድ ትልቅ ፋብሪካ ይረክሳል፤ ሪባን የሚቆረጥበት ነገር ስለሌለው ግን ጠያቂ ከሌለው ይረሳል።

ገደቡንም ልንገርዎ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል ባለው ግጭት መንገድ የሚዘጋበት፣ ጭነት ሳምንት የሚቆምበት ጊዜ ብዙ ነው። ከላይ ያልኩት ሁሉ መኪና እንደሚንቀሳቀስ ታስቦ ነው። መንገድ ሲዘጋ የተጎዳውም ለገበያ የሚያመርተው ገበሬ ይብሳል፤ ለራሱ የሚዘራው ቢያንስ ይበላዋል። ሌላው የመሬት ነገር ነው። የገጠር መሬት አይሸጥም፤ ጥሎ ከተማ የገባ ሰው የይዞታ መብቱን እንዳያጣ ይፈራል። ስለዚህ አንድ እግሩን ገጠር፣ አንድ እግሩን ከተማ አድርጎ ይኖራል። ይህ የከተማን ዕድገት ያዘገያል፣ በሌላ በኩል ሥራ ያጣ ሰው የሚመለስበት አለው። የወረዳ ምክር ቤት የሚፈታው ጉዳይ አይደለም፤ ሲያቅዱ ግን ይወቁት።

የመጨረሻው፣ ሱቅዎ። ባሕር ዳር ገብተው ልብስ ቢሸጡ ከእርስዎ በርካሽ ከሚያመጡ፣ ኪራዩን ከለመዱ፣ ደንበኛ ካላቸው መቶ ሱቆች መካከል አንዱ ይሆናሉ። ሞጣ ላይ ግን ስም አለዎት፤ ዱቤ የሚሰጡትን ያውቃሉ፣ የማይከፍለውንም ያውቃሉ። ይህ በገንዘብ አይገዛም።

መለየት ያለብዎት ሰው ለምን ዕቃ እንደሚጓዝና ለምን እንደማይጓዝ ነው። በዓመት አንዴ የሚገዛውን፣ ማማረጥ የሚፈልገውን፣ በፌስታል የሚይዘውን ባሕር ዳር ሄዶ ያመጣል። የሠርግ ልብስ፣ ስልክ፣ ቴሌቪዥን። በእነዚህ አይወዳደሩ፤ ያለዎትን ሸጠው ይውጡ። በየሳምንቱ የሚገዛውን፣ የሚከብደውን፣ ወይም ሲበላሽበት ዛሬውኑ የሚፈልገውን ግን እዚያው ይገዛል። ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮና ሚስማር። የወፍጮ ቀበቶ። የውኃ ፓምፕ መለዋወጫና ቱቦ። የባጃጅ ጎማ። የእህል ጆንያ። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም እንኳ፣ ልኬት ስለሚፈልግ፣ አንድ ጥሩ ሰፊ ይዘው ቢሠሩበት ባሕር ዳር አይቀድምዎትም። ከዕቃው ጋር ጥገናውን ከጨመሩ ደግሞ ያ አይሱዙ ይዞን ሦስት ቀን የቆመበት ችግር የእርስዎ እንጀራ ይሆናል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ያለዎትን ካፒታል በአንድ ጊዜ አያዙሩት። አንዱን መደርደሪያ ይለውጡና ክረምቱን ይዩት። በተለይ ብድር ወስደው ሲሚንቶ አይከምሩ፤ እርጥበት ይበላዋል፣ ዋጋውም ይወርዳል ይወጣል።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ሥራ ይሥሩ። በሁለት የገበያ ቀን፣ ከንጋት ጀምሮ፣ አንዱን ልጅ በባሕር ዳር መውጫ፣ ሌላውን በደጀን መውጫ ደብተር አስይዘው ያስቀምጡ። የገባውን የጭነት መኪና፣ ምን እንደጫነ፣ የወጣውን፣ ምን እንደጫነ ይጻፉ። ባዶውን የሚሄደው በየትኛው በኩል እንደሆነ ያያሉ። ባዶ የሚሄድ ሹፌር በርካሽ ይጭናል። ለእርስዎ ወይም ለገበሬው ርካሽ ጭነት ያለው በዚያ በኩል ነውና፣ አዲሱን መደርደሪያ ከመሙላትዎ በፊት ሹፌሩን ዋጋ ይጠይቁት።